የኮርኒስ ኮምፔርሳቶ

እንጨት አውቃለሁ እል ነበር። አሁንም አውቃለሁ፤ ችግሬም ይኸው ነው። የማያውቅ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ "አላወቅሁም ነበር" ብሎ እንቅልፉን ይተኛ ነበር። እኔ ግን ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ ጠርዙን በጣቴ ዳስሼ፣ ፊቱን አንኳኩቼ፣ ቁራጩን ቤቴ ወስጄ በድስት ቀቅዬ፣ የትኛው እንደሚይዝና የትኛው እንደሚከዳ ለይቼ ካወቅሁ በኋላ የሚከዳውን ገዛሁ።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ያኔ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ አስተምር ነበር። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ከጎጃም የመጣ ሰው ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቢሆንም "የሰሜን ሰው" ከመባል አልዳንኩም። ጋሞኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ሰው ይስቅብኛል።

ጎረቤቴ ከገረሴ የወረደ ደገኛ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ስለዚህ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ መምህር ይለኛል። ደገኛ ሆኖ አባያ ላይ ዓሣ ማጥመድ ዘመዶቹን ሁሉ ያስገረመ ነገር ነው። "ወባና አዞ ካለበት ምን አስወረደህ?" ይሉታል። እሱ ግን ጭምት፣ ግትርና ሳቂታ ሰው ነው፤ ያሰበውን ሳያደርግ አይተውም። ሚስቱ ከኩልፎ ዳር ካሉት አትክልቶች ሙዝ እያመጣች ትሸጣለች፣ እሱ ዓሣ ያመጣል፣ ልጆች ያድጋሉ፣ ኑሮ ይገፋል።

ጀልባው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ቀላል እንጨት የታሰረች ነበረች። እንደዚያ ዓይነቷ ጥቂት ወራት ውሃ ከጠጣች ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለች፣ ከዚያ ሌላ ይታሰራል። ተቀምጦባትም ቢሆን ግማሽ ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ጉልበቱን እያሸ በራችን ላይ ሲቀመጥ አየዋለሁ። ያን ጊዜ ሐይቁን ሊያጠና መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ለትምህርት ቤታችን ትቶት ከሄደው የመጽሔት ክምር ውስጥ፣ ከኮምፔርሳቶ የሚሠራ ጠባብና ረጅም ጀልባ ንድፍ አገኘሁ። ካያክ ይሉታል። ልኬቱ ሁሉ ተጽፏል። ለተማሪ ወንበርና ሰሌዳ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ልቤ ዘለለ። ገጹን ይዤ ሄጄ አሳየሁት።

ብዙ አየው። ከዚያ ገረሴ ወጥቶ፣ የነበረውን አንድ ወይፈን ሸጠና ተመለሰ። ደጋ ላይ የቀረው ከእንግዲህ አባቱ የሰጠው አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ነበረች፤ እንሰትና ጥቂት ባሕር ዛፍ አለባት። "ሐይቁ እምቢ ካለኝ እሷ ላይ እመለሳለሁ" ይል ነበር። የወይፈኑን ዋጋ እጄ ላይ ሲያስቀምጥ "ጥሩውን ግዛ፣ መምህር" ብቻ ነው ያለኝ።

ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ሱቆቹ ወዳሉበት ወደ ሲቀላ ወረድኩ። በመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ለአንድ ሆቴል ሥራ የመጣ ከባድ ኮምፔርሳቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጠርዙን ሳየው በንብርብሩ መካከል የሙጫው መስመር ጠቆር ብሎ ቀልቷል፤ ክፍተት የለውም። ሳንኳኳው ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረኝ ጆሮዬን ጠረጠርኩ። በሁለተኛው ሱቅ የነበረው ጎብጦ ገና ከመቆሙ እንደ ኮርቻ ሆኗል፤ አለፍኩት። ሦስተኛው ሱቅ ጋ ለኮርኒስ የሚሆን ስስ ኮምፔርሳቶ ነበር። ፊቱ ነጭ፣ ልስልስ፣ ጉጥ የሌለው፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ። ጠርዙን ግን ስዳስስ ጥፍሬ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ መሐሉ የተሞላው በቁርጥራጭ ነው። ሳንኳኳው እዚህ ይሞላል፣ እዚያ ይጎድላል። ዋጋው ግን የመጀመሪያውን ሲሶ አይሆንም።

ከሁለቱም ቁራጭ ለምኜ ወደ ቤት ወሰድኩና ቡታጋዝ ላይ ጥጄ መቀቀል ጀመርኩ። ሙጫ የሚፈተነው እንደዚያ ነው፤ ለተማሪዎቼ ራሴ አስተምረው ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ድስቱን ከፈተችና "ዛሬ ምሳችን ሣንቃ ነው?" አለችኝ። ሳቅን። ከሰዓታት በኋላ ሳወጣቸው ባለቀይ ሙጫው እንዳለ ነው። የኮርኒሱ እንደ እንሰት ግንድ ልብሱን አንድ በአንድ አወለቀ። ጣቴን ሳስገባ መሐሉ ገንፎ ሆኗል።

"ታዲያ የትኛውን ልትገዛ ነው?" አለች ባለቤቴ።

"ጀልባ አይቀቀልም" አልኳት።

ይህችን አነጋገር ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ጊዜ ብልህነት መስላኝ ነበር። የሐይቅ ውሃ አይፈላም፤ ሦስት ጊዜ የዘይት ቀለም ከተቀባ ውሃውም አይገባም፤ ስለዚህ ርካሹ ይበቃል። በወይፈኑ ዋጋ ከጥሩው የሚገዛው ለግማሽ ጀልባ የሚሆን ብቻ ነው። በርካሹ ግን ጀልባውም ይሠራል፣ ምስማርና ሙጫውም ይገዛል፣ ለአዲስ መረብም ይተርፋል። አጭር ጀልባ መሥራት ይቻል ነበር። አንድ ዓመት መጠበቅ ይቻል ነበር። ሁሉም ቢቀር ሁለቱን የተቀቀሉ ቁራጮች ይዤ ሄጄ "ጋሼ፣ ያንተ ገንዘብ፣ ያንተ ነፍስ፣ ምረጥ" ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ክረምቱ ሳያልቅና ትምህርት ሳይከፈት ጨርሼ ሰው እንዲያይልኝ ፈለግሁ። "ያ አስተማሪ እኮ በርካሽ ጀልባ ሠራ" መባል አማረኝ። ገንዘቡን ሰርቄው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሌባ ቢያንስ ምን እንደሠራ ያውቃል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅም ግን ሌላ ሰው ሆነ።

ግቢው ውስጥ ማንጎው ጥላ ሥር ሠራናት። ሰሌዳዎቹን በንድፉ ቆርጠን፣ ጠርዝ ለጠርዝ በሳስተን፣ እንደ ልብስ በሽቦ ሰፋናቸው። ስፌቱን መኪና በሚጠግኑበት ሙጫና በአቡጀዲ ደፈንነው። ጋሼ እጁ ወርቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ አሳይቼው ሁለተኛ አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ብቻ ከመቁረጫው የወደቀ ፍልጭ አንሥቶ እያገላበጠ መሐሉን አየና "መምህር፣ ይኼ እንጨት ውሃ ይችላል?" አለኝ።

"ይችላል" አልኩት።

ፍልጩን ጣለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለተኛ አላነሣውም። ሰውየው ያመነኝ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው፤ እኔም አስተማሪ ስለሆንኩ የታመንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ሐይቁ ዳር ስናደርሳት አጥማጆቹ ተሰበሰቡ። "ሣጥኑ መጣ፣ ሬሳው የት አለ?" ብለው ቀለዱብን። ጋሼ ገብቶ ሁለት ሦስቴ ሲቀዝፍ ግን ቀልዱን ትተው ወደ ውሃው ተጠጉ። ውሃው ላይ ሄደች ከማለት ተንሸራተተች ማለት ይሻላል። ልብሱ ደረቅ እንደሆነ ተመለሰ። የዚያን ቀን ሳቁን አልረሳውም፤ ለመርሳት ግን ብዙ ሞክሬያለሁ። ለጥቂት ወራት ዓሣው በዛ፣ ጉልበቱን ማሸት ተወ፣ ሚስቱ ለቤቴ ነጭ ዓሣ እየላከች ምስጋናዋ ሰለቸኝ። ሁለት አጥማጆች ለእኛም ሥራልን አሉኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከበልግ በፊት አንድ እሑድ ጀልባዋን ገልብጠን ስናጥባት ሆዷ ላይ ቀለሙ እዚህም እዚያም አብጦ አየሁ። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ በሰለ ሙዝ ገባልኝ። እጄን ቶሎ አነሣሁ። ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ "ምንድነው?" አለ።

"ቀለሙ ነው። ፀሐይ ነው ያነሣው" አልኩት። ማግስቱን ያበጠውን ፍቄ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ በላዩ ሁለት እጅ ቀለም ቀባሁበት። አዲስ መሰለች። የመጀመሪያውን ውሸቴን ተስፋ ልለው እችላለሁ፤ ለዚያን ቀኑ ግን ስም አላወጣሁለትም።

ከዚያ በኋላ ወር አልሞላም። ያየሁትን ሳይሆን አጠገቡ የነበሩት የነገሩኝን ነው የምናገረው። በጠዋት ሸንበቆው አጠገብ መረብ እየሳበ ነበር። መረቡ ከበደውና ቆመ፤ በድሮዋ ጀልባ ላይ መቆም ልማዱ ነው። ወለሉ ከቀኝ እግሩ ሥር ተከፈተ። እግሩ እስከ ጭኑ ድረስ ወደ ታች ወረደ፣ የተሰነጠቀው እንጨት ዙሪያውን ወደ ታች ጎብጦ ያዘው፣ ወደ ላይ ሲጎትተው እየወጋ ከለከለው። እንደዚያ ሆኖ፣ ከወገቡ በላይ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩ ከታች ውሃው ውስጥ እንደተንጠለጠለ ነው አዞ የመጣበት። ሰዎቹ በመቅዘፊያ እየደበደቡ አስጣሉት። ነፍሱ ተረፈች። እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ሆስፒታል ከመሄዴ በፊት የሄድኩት ወደ ሐይቁ ነው። ይህንንም ልናገረው። ጀልባዋ አሸዋው ላይ ተገልብጣለች። ቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ ንብርብሩ ተለያይቶ፣ ረጥቦ፣ ጠቁሮ ይታያል። የጥርስ ምልክት የለበትም። አዞ ሰብሮ ቢገባ ስብራቱ ወደ ውስጥ ይሆን ነበር፤ ስብራቱ ወደ ውጭ ነው። አጥማጆቹ ግን ነገሩን ጨርሰውታል። "አየህ፣ መምህር፣ አዞው ምን እንዳደረጋት" አለኝ አንዱ። "አያለሁ" አልኩ። ከሰዓት በኋላ በመጋዝ ቆራርጬ ዓሣ ለምትጠብስ ሴት ለማገዶ ሰጠኋት። አመሰገነችኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አንድ እግር ነበር። አላበቃም። ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት አለ። ሰው የማይገባውን ሲያደርግ፣ ነውሩ ዞሮ በራሱ ወይም በቤቱ ላይ በሕመም፣ በአደጋ፣ በመካንነት ይመጣል ይላሉ። መድኃኒቱ መናገር ነው፤ በሽማግሌ ፊት ያጠፉትን መናገር፣ የተበደለውን መካስና መታረቅ። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነው፤ ሚስቱም ዘማሪ ነች። ነገር ግን ታላቅ ወንድሙ ከገረሴ ወርዶ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ "ከዚያ ሁሉ አጥማጅ አዞ ለምን አንተን መረጠ?" ሲለው መልስ አልነበረውም። መልሱ የነበረው ሰው አልጋው ግርጌ ቆሞ ብርቱካን እየላጠ ነበር።

ቁስሉ ሲደርቅ በአይሱዙ ጭነን ወደ ገረሴ ወሰድነው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ መቅረት ያሳብቅብኛል ብዬ። ዱቡሻ ከሚሉት የመሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ሽማግሌዎቹ ቡሉኮ ለብሰው፣ እርጥብ ሣር ይዘው ተቀምጠዋል። ብርድ ነበር። ቤተሰቡ ተራ በተራ እየተነሣ በሆዱ ያለውን ተናገረ። አንዷ አክስት ከጋሼ ሟች እናት ጋር እንደተኮራረፈች ተናገረች፤ አንዱ ያጎት ልጅ ስለ ጠፋች በግ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ አይደለም፣ ይህ ትንሽ ነው።

ከዚያ ጋሼ ምርኩዙን ይዞ ሊነሣ ሞከረ፤ ተቀምጠህ ተናገር አሉት። አባቱ ታሞ ሳለ ታላቁ ወንድም ሩቅ አገር ሸማ እየሠራ ነበር። ጋሼ ብቻውን ሲያስታምም፣ አንድ ቀን ያችን ቁራሽ መሬት ለእኔ ስጠኝ ብሎ አባቱን ለመነ። ወንድሙ ሳይሰማ፣ ሳይማከር። አባቱም ሰጠው። "ያስታመምኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው። ግን ተደብቄ ነው የወሰድኩት። ይኸው እግሬን ወሰደብኝ" አለ። እያለቀሰ ነበር። ወንድሙም ያለቅስ ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የተገኘ መሰላቸው። መሬቱ ለታላቁ ይመለስ ተባለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ እግር ያለው ሰው ሐይቅ ላይ አይመለስም። የቀረው ያች መሬት ብቻ ነበረች። እሷም በፊቴ እየሄደች ነው። እኔ ከኪሴ ምንም ሳላወጣ፣ በአንዲት ቃል ላቆማት እችል ነበር።

ቢጠይቁኝስ ኖሮ እንዳልል ጠየቁኝ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው፣ ስብሰባው ሳይዘጋ ዞር ብሎ ስለ እኔ ሲል በአማርኛ ተናገረ። "እንግዳም ቢሆን፣ የሌላ አገር ሰውም ቢሆን፣ ሆዱ ውስጥ ነገር ያለ ሰው ካለ አሁን ይናገር። ነገ መሬቱ ይቆረጣል።" ከጠየቀ በኋላ ጠበቀ። በእኛ አገር ሸንጎ ላይ ሰው ጠይቆ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም፤ እሱ ግን ጠበቀኝ። ይህ የእነሱ ወግ ነው፣ እኔን አይመለከትም አልኩ በሆዴ። እንጨት ነው፣ ጎሜ አይደለም አልኩ። ሁሉም ፊት፣ ሚስቱም ፊት እንደምዋረድ፣ ሥራልን ያሉኝ ሁለት አጥማጆች ጆሮም እንደሚደርስ አሰብኩ። ተነሣሁና "እግዚአብሔር ይማረው" ብዬ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ሣሩን ወደ ላይ አንሥቶ መረቀ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት፣ በግ ታረደ፣ ሥጋውንም በላሁ።

ዓመታት አለፉ። ባጃጁ በዛ፣ መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ ጋሼ በር ላይ ተቀምጦ የሰው መረብ እየጠገነ ኖረ። ሚስቱ በሙዟ ቤቱን ተሸከመች፤ ፊቷ ቶሎ አረጀ። እኔ ጀልባ ሥራልን ያሉኝን ሁሉ "ጊዜ የለኝም" እያልኩ አባረርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ አልጠራም፤ እያደር ደፈረሰ። ጋሼ "እንደምን አደርክ መምህር?" ባለኝ ቁጥር ቀኑ ገና ሳይጀመር ያልቅብኝ ነበር። ቆረብኩ፣ ጾምኩ፣ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ለበደልከው ሰው ንገር" አሉኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሌላ ሁለት ዓመት ቆየሁ።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ሱቁን፣ ድስቱን፣ ሁለቱን ቁራጮች፣ ያበጠውን ቀለም፣ ወደ ውጭ የተሰበረውን ጠርዝ። ሳላቆም ነገርኩት። መረቡ ላይ ያለው እጁ ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝ። ይሰድበኛል፣ ምርኩዙን ያነሣብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ለምኜ ነበር።

የያዘውን ቋጠሮ ካጠበቀ በኋላ፣ "ወንድሜ በየወሩ ድንች ይዞ ይመጣል" አለኝ። "ታውቃለህ። ሃያ ዓመት ቤቴን ረግጦ አያውቅም ነበር። ያቺን መሬት ከሰጠሁት በኋላ ነው መመላለስ የጀመረው። ሲመጣ ይሸከመኛል፤ ታውቃለህ፣ ሽንት ቤት ሲያደርሰኝ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ አንተ አሁን ምን እያልክ ነው? መሬቱን በከንቱ ሰጠህ ነው የምትለኝ? እንዲህ ያደረገኝ እንጨት ነው?"

ፊቱን አየሁት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። በአዞ አፍ በነበረ ጊዜ እንኳ እንደዚያ መፍራቱን እንጃ። እግሩን በኃጢአቱ ተቀጥቶ፣ ኃጢአቱን ተናግሮ፣ ከወንድሙ ታርቆ መኖር ይችላል፤ ኖሯልም። በእኔ ኮምፔርሳቶ ምክንያት በከንቱ ተቆርጦ፣ በከንቱ ተዋርዶ፣ ልጆቹን በከንቱ መሬት አልባ አድርጎ መኖር ግን አይችልም። ያን ይዤለት ነው የሄድኩት። እኔ እንዲቀለኝ።

"በል መምህር፣ ተናገር" አለኝ። "ጀልባዋን ማነው የሰበራት?"

"አዞው ነው፣ ጋሼ" አልኩት። "እኔ ተሳስቼ ነው። አዞው ነው።"